በገመድ ላይ የዋለው ሸሚዝ

ነገሩን ያወቁት አምስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ያየህ ነው፤ ጎንደር ላይ የእናቱን ዓይን በገዛ እጁ የከደነ፣ የማሬ ታናሽ ወንድም። ሁለተኛው አባ አስማማው ናቸው፤ የእናቷ ወንድም፣ በወጣትነታቸው ከደምቢያ ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተሻገሩ፣ ዛሬ ሐደራ ዳርቻ፣ ጊቫት ኦልጋ ላይ ጡረታቸውን ይዘው የተቀመጡ። ሦስተኛዋ ባለቤታቸው ሪቅቃ ናቸው። አራተኛዋ የልጅ ልጃቸው ሊሮን ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን በዕብራይስጥ እየጎነጎነች የምትናገር ወታደር። አምስተኛዋ ፕሮፌሰር ኦርና ናት፤ ማሬ የወይን ጠጅ ሳይንስን በማዕረግ ለመመረቅ የምትሠራውን ጥናት የምታማክር የዩኒቨርሲቲ መምህርት፤ ለእሷ በስልክ የነገረቻት ሊሮን ነበረች። ስድስተኛዋ ማሬ ራሷ ናት። ለማሬ የነገራት ማንም የለም፤ ያወቀችው በሰንበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ በመስኮት አሻግራ አንድ ሸሚዝ ስትመለከት ነው።

በዚያ ሰዓት ጊቫት ኦልጋ ሁሉ ይተኛል። የመስኮት መከለያው ይወርዳል፣ ልጆች እንኳ ወደ ባሕሩ ከመውረዳቸው በፊት ይከተታሉ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ የኃይል ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ብቻ ነቅተው ይቆማሉ። ማሬ ግን እንቅልፍ ካጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ምክንያቱንም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሙቀቱና በሥራው ታሳብብ ነበር፣ አሁን ዓይኗ በግቢው ማዶ፣ በአጎቷ ቤት መስኮት ሥር በተወጠረው ገመድ ላይ ዐርፏል፣ በገመዱም ላይ የአጎቷ ሰማያዊ ባለመስመር ሸሚዝ ኮሌታው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ተሰጥቷል፣ ሪቅቃ ትናንት ሻማ ከማብራታቸው ጥቂት አስቀድመው ያሰጡት፣ ሳይደርቅ ሰንበት የገባበት፣ ሰንበት ከገባ ደግሞ ከገመድ ሊወርድ የማይችል ሸሚዝ፣ እናም ሌሊቱንም ቀኑንም እዚያው ዋለ፣ ነፋስ ከባሕሩ ሲመጣ ኮሌታው ይገለበጣል፣ ሲገለበጥም በቀኝ በኩል የተቀደደው ቦታ ይታያል፣ በነጭ ክር በሰፋፊው ያዝ ያዝ ተደርጎ የተሰፋ። ማሬ ሥርዓት የምትወድ ሰው ናት። በመጣችበት ዓመት በሃይማኖት ሕግ ትምህርት ክፍል ውስጥ የሐዘን ደንቦችን በሠንጠረዥ ለይታ ጽፋቸዋለች፦ ለወላጅ ልብስ በግራ፣ በልብ በኩል ይቀደዳል፤ ለእህት፣ ለወንድም፣ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛ በቀኝ፤ ለእነዚህ ከሰባት ቀን በኋላ ያዝ ያዝ ማድረግ ይቻላል፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ አጥብቆ መስፋት። መምህሩ ሠንጠረዡን አይቶ አመስግኗት ነበር። ባለ ሸሚዙ አጎቷ እዚያ ማዶ ተኝተዋል፣ ሚስታቸው ሪቅቃ በሕይወት አሉ፣ ልጆቻቸው ሁሉ በሕይወት አሉ። አባ አስማማው ወንድም የላቸውም። እህት አንዲት ናት።

አልጮኸችም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የቀረውን ማስላት ጀመረች፣ ማስላት ለእሷ መተንፈስ ነውና። አጎቷ ለጉልበታቸው ሕክምና ወደ ነታንያ ሄደው አንድ ሳምንት ቆይተዋል፤ የሄዱት ረቡዕ ነው፤ ሲመለሱ ጉልበታቸው እንደ በፊቱ ያነክሳል፣ ጢማቸው ግን አድጎ ነበር፣ ቆዳዬ ምላጭ አልቀበል አለ አሏት፣ እሷም የቅባት ስም ጻፈችላቸው። የቅባት ስም! ሰውዬው ነታንያ፣ በዘመድ ቤት መሬት ላይ ሰባት ቀን ተቀምጠው፣ እዚህ ሺቫ የሚሉትን ለቅሶ ተደብቀው ጨርሰው መጡ፣ እሷ ግን ወረቀት ላይ የቅባት ስም አስተካክላ ጽፋ በሁለት አጥፋ ሰጠቻቸው። ከዚያ ረቡዕ ቢቆጠር ዛሬ ሃያ አምስተኛው ቀን ነው። ያየህ በዚህ መካከል አምስት ጊዜ ደውሏል። አንድ ጊዜ እማ ተኝታለች አለ፣ አንድ ጊዜ ጎረቤት ሄዳለች፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ታማ ድምፅ አይወጣላትም፣ አንድ ጊዜ ኔትወርኩ፣ በአምስተኛው እማ ሰላም ብላሻለች አለ፣ ያን ጊዜ ልቧ የሆነ ነገር ነካው፣ ምን እንደሆነ ግን አልለየችም፣ አሁን ለየችው፦ እናቷ በሰው በኩል ሰላምታ ልካ አታውቅም። እናቷ ስልኩን ከያየህ እጅ ነጥቃ፣ ገና ሄሎ ሳይባል፣ በልተሻል ትላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ የምትለው በልተሻል ነው። ኦርናም አለች፤ በቁጥር ካልሆነ የማትናገረው ኦርና ሰኞ ዕለት በቤተ ሙከራው ውስጥ ትከሻዋን ይዛ ደኅና ነሽ ብላ ጠየቀቻት፣ ማሬም የሙቀት መለኪያው የተበላሸ መስሏት ደንግጣ ወደ ጠርሙሶቹ ሮጠች።

ጠርሙሶቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ በሦስት ምድብ አራት አራት። የወይን ጭማቂ ውስጥ ያለው እርሾ እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር መብል ይፈልጋል፤ ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ሲለውጥ ናይትሮጅን ካነሰው ይጨነቃል፣ ሲጨነቅም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያወጣል። የማሬ ጥያቄ እርሾው መች ቢመገብ ነው የሚድነው የሚል ነው። የመጀመሪያው ምድብ በመነሻው ቀን ተመግቧል፣ ሁለተኛው ስኳሩ በሲሶ ሲቀንስ፣ ሦስተኛው ሲሶ ብቻ ሲቀረው፣ ማለትም በዚህ በሚመጣው ሳምንት። ዘግይቶ የመጣ መብል እርሾው ውስጥ አይገባም ይላሉ መጻሕፍቱ፤ አጠገቡ ተንሳፍፎ ይቀራል። ይህን በአፍንጫዋ ነው የምትለካው። አፍንጫዋ ከመሣሪያው አስቀድሞ ሽታውን ይይዛል፣ ኦርና ይህን ያወቀች ዕለት ነው ለማዕረግ ታጭተሻል ያለቻት። ሃያ አንድ ቀን፣ ከዚያ ውስጥ ሦስት ሰንበት ሲቀነስ ዐሥራ ስምንት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ በአንዲት አፍንጫና በአንዲት እጅ፤ የማዕረግ ደንቡ የሌላ ሰው እጅ አይፈቅድም። ወይን በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚቆረጠው።

ይህን ሁሉ ለእናቷ በስልክ ነግራታለች። ጭማቂው እንዴት የወይን ጠጅ እንደሚሆን ነው የምማረው አለቻት። ራሱ አይፈላም እንዴ አለች እናቷ። ይፈላል። ታዲያ አራት ዓመት ምን ትሠሪያለሽ። እንዳይበላሽ እጠብቃለሁ። እናቷ ሳቀች፣ ሳቋ ሳል ሆነ፣ አሁን ሲታሰብ ሳሉ ያኔም ነበረ፣ ማሬ ግን ሳሉን አልመዘገበችውም፤ የጠርሙስ ሽታን በዐሥር ደረጃ ከፍላ የምትመዘግብ ሴት የእናቷን ሳል አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም። ነጭ ካፖርት ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ላከችላት፣ እናቷም ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየች፣ ጎረቤቱም ልጅሽ ሐኪም ሆነች አለ፣ እናቷ አላስተባበለችም። ምን ልበላቸው ልጄ፣ ወይን ታስታምማለች ልበል። እናትና ልጅ ወደ እስራኤል ለመግባት ፋይል ያስገቡት በአንድ ቀን ነው፤ የማሬ ፋይል ወጣ፣ የእናቷ በመታየት ላይ ነው ተብሎ ቀረ፣ በየዓመቱ አንድ አዲስ ወረቀት ይጠየቃል፣ ያየህ አብሯት ቀረ፣ ማሬ የወረቀቶቹን ቅጂ በቀን ተራ ደርድራ በሰማያዊ ዶሴ አስቀምጣለች፣ ዶሴው ከሠላሳ ገጽ በላይ ነው፣ አንድ ገጽ እንኳ አልተዛነፈም፣ እናቷ ግን አልመጣችም። እሺ፣ አንቺ ልትሄጂ ትችዪ ነበር አለች ለራሷ። ያለፈው ዓመት ነሐሴ እመጣለሁ አለች፣ ወይኑ ደረሰ። የዘንድሮውን ነሐሴ እመጣለሁ አለች፣ ወይኑ ደረሰ። እናቷ ወይን ያልበቀለበት አገር የለም ወይ፣ ወይስ ወደ እኔ ልትመጪ ስትዪ ብቻ ነው የሚደርሰው አለች፣ ተሳሳቁ፣ ስልኩ ተዘጋ። የመጨረሻው ሳቅ ያ ነበር። ያ መሆኑን ማን ነገራት።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ዘመመች፣ ሸሚዙ አሁንም እዚያ ነው፣ ማሬ ሠላሳኛው ቀን ሐሙስ መሆኑን አገኘች። ደንቡን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የሞት ዜና በሠላሳ ቀን ውስጥ የደረሰው ሰው ሰባት ቀን ይቀመጣል፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ የደረሰው አንድ ሰዓት። የጠርሙሶቹ የመጨረሻ ምዝገባ እሑድ ሳምንት ነው፣ ሠላሳ ሦስተኛው ቀን። እነዚህ ሰዎች የሚነግሯት በዚያ እሑድ ማታ ነው፣ ሌላ ቀን ሊሆን አይችልም፤ እንግዲህ ለእናቷ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች ማለት ነው፣ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ወደ ሠንጠረዧ። በዚህ ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣባት፣ ከእናቷ ሞት ይልቅ ያስደነገጣት ሐሳብ። ማንም አልነገረሽም። ያየሽው ክር ነው። ክር ዜና አይደለም። መከለያውን አውርጂ፣ ነገ በባቡር ሄደሽ ጠርሙሶችሽን አሽትቺ፣ እስከ እሑድ ሳምንት ምንም አታውቂም፤ ማዕረጉ ይገኛል፣ ደንቡም አይጣስም፣ ጠያቂም የለ። ሐሳቡ በሚገባ የተደራጀ ነበር። አንድም ስሕተት አላገኘችበትም። እጇ ወደ መከለያው ማሰሪያ ተዘርግቶ ነበር፣ ይዛውም ነበር፣ ሳብ አድርጋውም ነበር፣ ግማሽ መስኮት ተጋረደ፣ ሸሚዙ እስከ ኪሱ ድረስ ተሸፈነ፣ ኮሌታው ቀረ። ያን ኮሌታ አሁን ጋርዳ እናቷን በምን ፊቷ ታስባታለች። በልተሻል ስትላት ምን ትመልሳለች። ማሰሪያውን ለቀቀችው፣ መከለያውም ተመልሶ ወጣ።

ሰማዩ ላይ ሦስት ከዋክብት እንደሞሉ የሪቅቃ መስኮት ተከፈተ፣ ሰንበት እስክትወጣ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላል፣ የሪቅቃ እጅ ወጥቶ ሸሚዙን ከነመቆንጠጫው ሳበው። ዓይናቸው ከማሬ ዓይን ጋር በግቢው ላይ ተገናኘ። ሪቅቃ እጃቸውን አላነሡም፤ መስኮቱንም አልዘጉትም።

ማሬ ደረጃውን ወርዳ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ደረጃውን ወጣች። አባ አስማማው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሊሮን ነገ ወደ ጦር ሰፈር የምትይዘውን ቦርሳ መሬት ላይ ዘርግታለች፣ ሪቅቃ ሸሚዙን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ማሬ እንደ ወትሮው ሳመቻቸው፣ እንዴት ዋላችሁ አለች፣ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ገጠመች።

«አባ» አለች፣ «ሸሚዝዎን ለማን ነው የቀደዱት?»

ሊሮን ቦርሳውን ትታ ወደ አያቷ ተመለከተች። በመጨረሻ የተናገሩት ሪቅቃ ናቸው፣ ለማሬ ሳይሆን ለባላቸው።

«የደርግን ወታደር ተደብቆ ሱዳን የገባ ሰው አንድ ሸሚዝ መደበቅ አቃተው።»

«ያሰጣሽው አንቺ ነሽ» አሉ አባ አስማማው።

«በሱ ውጣ ያልሁህስ እኔ ነኝ? ሌላ ልብስ እንደሌለህ ሁሉ።»

ማሬ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፣ አጎቷም እንደዚያው፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ መሬት ተመለከቱ። ሊሮን መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። «ማሬዬ፣ ስሊኻ፣ ይቅር በዪኝ፣ ለኦርና የነገርሁት እኔ ነኝ» አለች፣ የጥናቱን ጊዜ ያራዝሙላት እንደሆነ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ኦርናም ወይኑ አይራዘምም አለቻት። አባ አስማማው ጢማቸውን እየዳበሱ እኔ አልነገርሁሽም አሉ ደጋግመው፣ አደራ አለብኝ፣ እናትሽ ለያየህ የተናገረችውን እሱ ይንገርሽ፣ እኔ ግን ራቢውን ጠይቄ ሐሙስን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

«ከሐሙስ ካለፈ አንድ ሰዓት ነው ልጄ» አሉ። «ለእህቴ አንድ ሰዓት። እሷ እኮ እናታችንን ልታስታምም ቀርታ ነው እኔ የሄድሁት።»

ይህን አርባ ዓመት ለማንም ተናግረውት አያውቁም ነበር፤ ሪቅቃ እንኳ ቀና ብለው አዩዋቸው።

ያየህ ዘንድ የደወለችው ማሬ ራሷ ናት፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው። እንደ ልማዱ እማ ጎረቤት ሄዳለች ብሎ ሊጀምር ሲል አባ አስማማው ተው ልጄ፣ ታውቋል አሉት። ያየህ ተቆጣ። በመጀመሪያ በአጎቱ፣ ቀጥሎ በሸሚዙ፣ ቀጥሎ በማሬ። እማ በመጨረሻዋ ማታ እጁን ይዛ፣ ልጄ እሳት ላይ የጣደችው ሥራ አላት፣ እስክታወርደው አትንገሯት ብላዋለች፣ የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው፣ ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ጓሮ እየወጣ ድምፁን እየጠረገ የሐሰት ሰላምታ ሲልክ የኖረው ለዚህ ቃል ነው፣ አሁን ሥራሽን ትተሽ ከተቀመጥሽ የእኔ ሐሰት ምን ሊሆን ነው።

«ጥሩ ነበር» አለች ማሬ። «በልተሻል ማለቱን ብቻ ረሳህ።»

ከጎንደር አንድ የትንፋሽ ድምፅ መጣ፣ ልጅ ሳለ ወድቆ ላለማልቀስ ሲታገል የሚያወጣው ድምፅ።

«አደራዋን አንተ ጠብቀሃል፤ አልነገርኸኝም» አለችው። «ያወቅሁት ራሴ ነኝ። ካወቅሁ ደግሞ አላውቅም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ሞክሬው ነበር፣ ያየህ። ዛሬ ሞክሬው ነበር።»

እታለም፣ እንግዲያስ እንዳልሽ ይሁን አለ ያየህ፣ ስልኩን ግን አልዘጋውም።

የቀረችው ኦርና ነበረች፤ ሊሮን ደውላ አቀረበቻት። ኦርና በዕብራይስጥ፣ በዚያው በተለመደው ደረቅ ድምፅዋ፣ አዘንሁ አለች፣ ቀጥላም የምትችለውንና የማትችለውን ለያይታ ነገረቻት፣ ማሬም ስለዚህ ወደደቻት። ጠርሙሶቹን ራሷ ትመግባለች፣ ስኳሩን ራሷ ትለካለች፣ አንድም ጠርሙስ አይበላሽም፤ አባ አስማማውም ለሐዘንተኛ የሚጠፋበትን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራለት የተፈቀደ ነው ብለው ከሶፋው ጣልቃ ገቡ። የሽታውን ዓምድ ግን ማንም ሊሞላው አይችልም። ከዐሥራ ስምንቱ ቀን ስድስቱ ባዶ ይሆናል፣ ሲሶው ማለት ነው፤ ዲግሪው ይሰጣታል፣ ማዕረጉ ግን ባዶ ዓምድ ላይ አይሰጥም። ከዚያ ኦርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በየትኛው ቀን እንዳወቅሽ የሚጠይቅ ኮሚቴ የለም አለች።

«በሠንጠረዤ ውስጥ አንድ ቀን ቀይሬ ብጽፍ ትቀበዪኝ ነበር?»

አልቀበልሽም አለች ኦርና፣ እንዲያውም አስወጣሽ ነበር፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ፣ የመጨረሻዋን እሑድ ግን በራስሽ እጅ ጻፊያት፣ እጠብቅሻለሁ አለች።

ማሬ ተነሥታ አሁን ልጀምር አለች፣ ጫማዋንም ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ሪቅቃ ክንዷን ያዟት። መርዶ በሸሚዝ አይነገርም አሉ፣ በስልክም አይነገርም፤ እናትሽ እንዲህ ያለ ሞት የሞተች ሴት አይደለችም፤ የአገር ደንብ አለን፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ በቃል ይነገርሻል፣ ያን ጊዜ ታለቅሻለሽ፣ እኛም ከአንቺ ጋር። እስከዚያ ሂጂና ተኚ። ማሬ ቀኑ እንዳይጎድል ጠየቀች፣ ሌላ ምን ልትጠይቅ፤ አባ አስማማውም ሌሊቱ ከሚቀጥለው ቀን ጋር ነው የሚቆጠር፣ ከእናትሽ ምንም አይጎድልባትም አሏት። እስከ ንጋት ምን ልሥራ ስትል የመለሱላት ሪቅቃ ናቸው።

«ምንም አታውቂም። ወንበርም አትደርድሪ።»

እንዲህ ሆነ፣ ስድስቱም የተቀበሉት ውሳኔ ይኸው ነው፦ አባ አስማማው በንጋት ሽማግሌዎቹን ይዘው ይመጣሉ፣ ያየህ ከጎንደር ስልኩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ሊሮን ከአለቃዋ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ሪቅቃ ሸሚዙን እስከ ሐሙስ እንደተያዘ ይተዉታል፣ ኦርና ሦስተኛውን ምድብ ትመግባለች፣ የሽታው ዓምድ ስድስት ቀን ባዶ ይቆያል፣ ማዕረጉም ይቅር፤ ማሬም ሰባቱን ቀን ትቀመጣለች። ወደ ቤቷ ተመልሳ የሻይ ብርጭቆዋን ሳታጥብ ተወችው፣ ወንበሮቹን ከነበሩበት አላንቀሳቀሰችም፣ እዚህ በሐዘን ቤት እንደሚደረገው መስታወቱንም አልሸፈነችም፣ ሰማያዊው ዶሴ ከመደርደሪያው ዘንበል ብሎ ሳለ አላቃናችውም። በሩን ግን ሁለት ጊዜ ቆለፈችው፤ ምንም ያላወቀ ሰው በሩን ቆልፎ ነው የሚተኛው።